ደረቅ ሪስሊንግ ከምን ዓይነት ምግብ ጋር ይስማማል? ለእንግዶቼ ግብዣ ምክራችሁን እሻለሁ

ጥያቄ
አቅራቢ፦ የእጮኛዋ እናት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ከፍራንክፈርት ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ሲሆን ጀርመን አገር ከገባሁ 19 ዓመት አልፎኛል፤ ስለ ወይን ጠጅ ያለኝ ዕውቀት ግን ከአገር ቤት ይዤው ከመጣሁት ብዙም አልጨመረም። በወላጆቼ ቤት ለዓውደ ዓመት ጠላው ይጠመቃል፣ ጠጁ ይጣላል፤ የጠርሙስ ወይን የሚገዛው የከበረ እንግዳ ሲጠበቅ ብቻ ነበር፤ እርሱም ወይ ጉደር ነው፣ ወይ ጣፋጩ አክሱማይት። ነጭ ወይን፣ ያውም ጣፋጭነት የሌለው፣ በማዕዳችን ላይ ቀርቦ አላውቅም።

የልጄ እጮኛ ወላጆች ራይንጋው የተባለው የጀርመን የወይን አገር ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት በእነርሱ የገና በዓል ሰሞን ሊጠይቁን ሲመጡ አራት ጠርሙስ ነጭ ወይን ይዘውልን መጡ። ሁለቱ የገዛ አካባቢያቸው ምርት ሲሆኑ «ሪስሊንግ ትሮክን» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ሪስሊንግ የነጭ ወይን ፍሬ ዝርያ ስም ነው፤ ሦስተኛው ከሞዘል የመጣ «ሪስሊንግ ፋይንሄርብ» ነው፤ አራተኛው ጠርሙስ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ክብና ጠፍጣፋ ሲሆን «ሲልቫነር ትሮክን፣ ፍራንከን» ይላል። እኛም የራሳችን ገና በደረሰ ጊዜ ጾሙን በፈታንበት ማዕድ ላይ ከሁለቱ የራይንጋው ጠርሙሶች አንዱን ከፍተን ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጣነው። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘንሁ። ወይኑ ኮመጠጠ፤ ወጡ ከወትሮው ይልቅ አቃጠለ፤ ከዋጥነው በኋላም ምላሳችን ላይ ምሬት ቀረ። ባለቤቴ ጠርሙሱ ተበላሽቶ ይሆናል አለ፤ እውነትም ከሥሩ እንደ ጨው ያለ አንጸባራቂ ነገር ረግቶ አየን።

አሁን እነዚያው ሰዎች በግንቦት ወር ለምሳ ሊመጡ ነው፤ «እንጀራ እንድታበይን» ብለው አስቀድመው ለምነውኛል። የሰጡኝን ወይን ሳልከፍትላቸው ብቀር ነውር ይመስለኛል፤ ከፍቼ እንደዚያ ዕለት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ አፍራለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ፦ ትሮክን ማለት ደረቅ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚጠጣ ነገር ደረቅ የሚባለው በምን ምክንያት ነው? የቀረው ጠርሙስ ተበላሽቶ ይሆን? ካልተበላሸስ ከየትኛው ምግብ ጋር ባቀርበው እንግዶቼን ያስደስታል?

መልስ
ጸሐፊ፦ አስተናጋጁ ከማይንዝ

እንኳን ለዚህ ደስታ አበቃዎት፣ እኅቴ። በማይንዝና በቪስባደን ምግብ ቤቶች 14 ዓመት ወይን በማስተናገድ ሥራ ኖሬአለሁና የጠየቁት ነገር ከልቤ የምወደው ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ይረጋጉ፤ ወይንዎ አልተበላሸም። ከሥሩ የረጋው ነገር ከራሱ ከወይኑ አሲድ የሚፈጠር ጨው ነው፤ ጀርመኖች ቫይንሽታይን፣ የወይን ድንጋይ፣ ይሉታል። ወይኑ በብርድ ሲቆይ እየጠጠረ ይዘቅጣል፤ ጤናን አይጎዳም፣ ጣዕምንም አይለውጥም። ጠርሙሱን ሳይንጡ አቁመው ማሳደርና የመጨረሻውን ጉንጭ በጠርሙሱ ውስጥ መተው ይበቃል።

ደረቅ የሚለውን ቃል በተመለከተ ግን መልሱ በራስዎ ቋንቋ ውስጥ አለ። በአገራችን ጠጅ ቤት ገብቶ የሚያዝዝ ሰው «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ ይመርጥ የለምን? ለስላሳው ጠጅ ማሩ ገና ያልተበላ ነው፤ ደረቁ ደግሞ እርሾው ማሩን አሟጦ ወደ አልኮል የለወጠው፣ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ኃይሉ የቀረ ነው። የጀርመኖቹ ትሮክንም በትክክል ይኸው ነው፤ በማር ምትክ የወይን ጭማቂ ሆነ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሃልብትሮክን የተባለው መካከለኛችን ነው። ሕጉም ልኩን ደንግጎታል፦ ትሮክን ለመባል በሊትር ውስጥ የቀረው ስኳር ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ነገር ግን የወይኑ አሲድ ከስኳሩ ከ2 ግራም በላይ ካላነሰ እስከ 9 ግራም ይፈቀዳል። ሪስሊንግ አሲዱ ብዙ ጊዜ በሊትር 7 ወይም 8 ግራም ስለሚደርስ 9 ግራም ስኳር ቢኖረው እንኳ ምላስ ጣፋጭነቱን አይለየውም። ሃልብትሮክን ደግሞ አሲዱ በቂ ከሆነ እስከ 18 ግራም ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ የዚያን ዕለት የሆነውን ላስረዳዎት። ሪስሊንግ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ፣ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው፤ ራይንጋው የሚገኘው በ50ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ይፈስ የነበረው የራይን ወንዝ እዚያ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ስለሚታጠፍ የወንዙ ዳር ተዳፋት ፊቱን ለደቡብ ፀሐይ ይሰጣል። ፍሬው በፀሐዩ ይበስላል፣ በብርዱ ደግሞ ኮምጣጣነቱን አያጣም። ይህ ኮምጣጣነት ለሪስሊንግ ጉድለቱ ሳይሆን የሚከበርበት ባሕርዩ ነው፤ በምግብ ላይ ሎሚ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። የተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ ሲጨምቁ ስቡ እንደሚቀል፣ የዓሣው ጣዕም እንደሚነሣ ያስቡ፤ ደረቅ ሪስሊንግም እንዲሁ ነው። በርበሬ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም ሳይሆን የሕመም ስሜት ነው፤ አልኮል ደግሞ በምላስ ላይ ያንኑ የማቃጠል ስሜት የሚቀሰቅስ ነገር ነውና 12 ወይም 13 በመቶ አልኮል ያለው ደረቅ ወይን ከዶሮ ወጥ በኋላ ሲጠጣ እሳት ላይ እንጨት እንደ መጨመር ይሆናል። የሚያበርደው ስኳር ነው፤ እርሱ ደግሞ በጠርሙስዎ ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱ ከወይኑም ከወጡም አይደለም፤ አብረው መቀመጥ የማይገባቸው ሁለት ጥሩ ነገሮች ተገናኙ እንጂ።

ደረቅ ሪስሊንግ ከሚወዳቸው ምግቦች ውስጥ በቀዳሚነት የማነሣው ዓሣን ነው። በራይንና በሞዘል ዳር ያሉ ሰዎች ትራውት ዓሣን በዱቄት አልብሰው በቅቤ ጠብሰው ከዚህ ወይን ጋር ያቀርባሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ ማዕድ አልቀመስሁም። በዳቦ ዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ የጥጃ ሥጋ፣ ሽኒትስል፣ ላዩ ስብ ስለሆነ ይህን ወይን ይፈልጋል፤ በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ፣ የፍየል አይብ፣ ክሬም የገባበት የእንጉዳይ ምግብም እንደዚሁ። ጨው የወይኑን ኮምጣጣነት ያለሰልሰዋል፤ ስብ ደግሞ በኮምጣጣነቱ ይቀላል፤ ይህን ሕግ ከያዙ ሌላውን ራስዎ ያገኙታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከኬክና ከጣፋጭ ምግብ ጋር አያቅርቡት፤ ምግቡ ከወይኑ ይልቅ ጣፋጭ ሲሆን ወይኑ ውሃ የገባበት ኮምጣጤ ይመስላል።

መልስ
ጸሐፊ፦ ባለ ምጣዷ ከሽቱትጋርት

ሰላም ለሁላችሁ። የማይንዙ ወንድማችን የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ ስለ ዶሮ ወጡም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱ የበርበሬው እሳት ብቻ አይመስለኝም። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ሽንኩርቱ ሰዓታት ሙሉ ተቁላልቶ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሚሆን ያውቃል። ከዚያ ጣፋጭነት አጠገብ ስኳር የሌለው ወይን ሲቀመጥ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ በላዩም በርበሬው ይመጣበታል። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ያንኑ ደረቅ ወይን በአንድ ሳምንት ልዩነት ከዶሮ ወጥና ከዶሮ አልጫ ጋር ካቀረብሁ በኋላ ነው። ከወጡ ጋር ማንም አልጨረሰውም፤ ከአልጫው ጋር ጠርሙሱ አልበቃም።

ሌላው ልጨምረው የምወደው ስለ እንጀራው ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። ጀርመናዊ ወዳጆቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ወጡ ያቃጥላል ወይ?» ብለው ነው፤ ወይን ለመምረጥ ግን ከወጡ እኩል መታሰብ ያለበት እንጀራው ነው። እንጀራ በእርሾ ቦክቶ የሚጋገር ኮምጣጣ ነገር ነው። በኮምጣጣ ምግብ ላይ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ሲጠጣ ዝልግልግና ለዛ ቢስ ይሆናል፤ በኦክ በርሜል የቆዩና ቅቤ ቅቤ የሚሉ ከባድ ነጭ ወይኖች በእንጀራ ፊት የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሪስሊንግ ግን ከእንጀራው ጋር እኩል ይቆማል፤ እንዲያውም እንጀራው የወይኑን ስለት ወስዶለት በውስጡ ያለው የኮክና የፖም መዓዛ ይወጣል። ስለዚህ እኅቴ፣ እንግዶችዎ እንጀራ በመለመናቸው አይጨነቁ፤ የመረጡልዎት ወይን ከእንጀራ ጋር ከሚስማሙት ውስጥ ዋነኛው ነው። ጥንቃቄ የሚሻው በላዩ ላይ የሚፈሰው ነው።

እኔ ብሆን የምሠራው ይህ ነው። የዓሣ ጥብስ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ፤ የዶሮ ወይም የበግ አልጫ፣ እርዱና ዝንጅብሉ በርከት፣ ንጥር ቅቤው ግን መጠን ያለው፤ ጎመን በአይብ፤ አዚፋም ሰናፍጩ ሳይበዛ ቢኖር ደስ ይላል፤ ሰናፍጭ አፍንጫን ይነካል እንጂ እንደ በርበሬ ምላስ ላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ሪስሊንግን አያስከፋውም። አይቡን ያለ ሚጥሚጣ ያቅርቡት። ሥጋ ጥብስ ካስፈለገም ሳይበረበር፣ በጥብስ ቅጠልና በቅቤ ብቻ የተሠራ ይሁን። ክትፎ ግን ለዚህ ማዕድ አይመቸኝም፤ ቅቤውን ወይኑ ይችለዋል፤ ሚጥሚጣውን አይችለውም፤ ሚጥሚጣ የሌለው ክትፎ ደግሞ ለእኔ ክትፎ አይደለም።

መልስ
ጸሐፊ፦ የሞዘል ወይን ለቃሚ

እንደምን ከረማችሁ። ስድስት መኸር በሞዘል ዳር ወይን ስለቅም ስለቆየሁ ስለ ጠርሙሶቹ ልዩነት ጥቂት ልበል፤ አራቱን ጠርሙስ የመረጠላችሁ ሰው ዐዋቂ እንደሆነ ታይቶኛልና።

የሞዘል እርሻ ሜዳ አይደለም፤ ገደል ነው። በብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የተባለው ተዳፋት በዓለም ላይ ካሉት የወይን ማሳዎች እጅግ ቀጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ለቃሚው ቅርጫት ተሸክሞ ሲወጣ በእጁ ጭምር ነው የሚወጣው። አፈሩ አፈር ለመባል አይበቃም፤ እንደ ገጽ የሚላላጥ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የወሰደውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልስለታል። እዚያ የሚመረተው ሪስሊንግ ቀጭንና ቀላል፣ አልኮሉም ዝቅ ያለ ይሆናል። ብዙ የአካባቢው አምራቾች በወይኑ ውስጥ ጥቂት ስኳር ይተዋሉ፤ ያን የመሰለ ስለት ያለው አሲድ ጥቂት ጣፋጭነት ይፈልጋልና። ፋይንሄርብ የሚለው ቃል ይህንኑ ይገልጻል። እንደ ትሮክን በሕግ የተቆረጠ የግራም ልክ የለውም፤ አምራቹ «ከደረቅ ትንሽ የለሰለሰ ነው» ሲል የሚጠቀምበት ቃል ነው። በጠጅ ቤት ቋንቋ መካከለኛ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ቤትዎ ውስጥ ነበር፤ ያልታደለው የተከፈተው ነው።

የፍራንከኑ ሲልቫነር ከሁለቱም የተለየ ነው። ያ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ቦክስቦይተል ይባላል፤ የፍራንከን አገር መታወቂያ ነው። የሲልቫነር ተክል በጀርመን ምድር መተከሉ በጽሑፍ የታወቀው በዚያው በፍራንከን በካስተል መንደር እ.ኤ.አ. በ1659 ነው። ወይኑ እንደ ሪስሊንግ አይሾልም፤ አሲዱ የሰከነ ነው፤ መዓዛው ከፍራፍሬ ይልቅ ወደ አፈርና ወደ ሣር ያደላል። ጀርመኖች ነጩን አስፓራገስ፣ ሽፓርግል የሚሉትን፣ ከቀለጠ ቅቤ ወይም ከእንቁላልና ቅቤ መረቅ ጋር ሲበሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ይህንን ሲልቫነር ነው። አስፓራገስ በባሕርዩ ምሬት አለው፤ አሲዱ የበረታ ወይን ያን ምሬት ያጎላዋል፤ ሲልቫነር ግን ያለዝበዋል። የአስፓራገስ ወቅት ከሚያዝያ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን፣ በዮሐንስ መጥምቅ ልደት ዕለት፣ ያበቃል፤ ግብዣዎ በግንቦት ከሆነ ወቅቱ መሐል ላይ ነው።

የእንግዶችዎን ልብ የሚያሞቅ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሪስሊንግ የሚለው ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው መዛግብት የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1435 ሲሆን የካትሰንኤልንቦገን መስፍን ስለ ሪስሊንግ ተክል ግዢ ያስጻፈው የሂሳብ መዝገብ ነው፤ ተክሉ የተገዛውም ለሩሰልስሃይም ነው። እርስዎ ፍራንክፈርት አጠገብ ነኝ ካሉ ሩሰልስሃይም ጎረቤትዎ ናት፤ ዛሬ በመኪና ፋብሪካዋ ብቻ የምትታወቀው ያቺ ከተማ። እንግዶችዎ የመጡበት ራይንጋው ደግሞ በዮሐኒስበርግ ግንብ ማሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1720 ጀምሮ ሪስሊንግን ብቻ በስፋት በመትከል ለሌላው አገር አርአያ የሆነ ነው። ሰው ስለ ገዛ መንደሩ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ይጠይቋቸው።

የጠያቂዋ መልስ
ጸሐፊ፦ የእጮኛዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠጅ ቤቱ ምሳሌ ሁሉን ነገር ግልጽ አደረገልኝ፤ ባለቤቴ ባነበብሁለት ጊዜ «ደረቅ ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ማን ይጠጣል?» ብሎ ራሱ ፈረደ። ወይኑን በከንቱ ማማታችን አሳዘነን።

ሦስት ነገር ቀርቶኛል። ግብዣው የሚውለው ዓርብ ዕለት ነው፤ በዓለ ሃምሳ ስላልወጣ ጾም የለብንም፤ ስለዚህ በቅቤውና በዶሮው በኩል ችግር የለብኝም። አስፓራገሱን ግን ጀርመኖቹ ከአሳማ ሥጋ ጋር ሲበሉት አይቻለሁ፤ እኛ አንበላም፤ ያለ እርሱ ቢቀርብ ይጎድል ይሆን? ሁለተኛ፣ የልጄ እጮኛ ዶሮ ወጥ ከሁሉ አስበልጦ ስለሚወድ ሳልሠራ አላልፍም። በሦስት ዓይነት ወይን ፊት ሁሉን ምግብ በአንድ ትሪ ላይ እንዴት አቀርባለሁ? ሦስተኛ፣ አንድ ጠርሙስ ለሰባት ሰው ስለማይበቃ ልገዛ ወጣሁ፤ በመደብሩ ውስጥ ግን «ካቢኔት»፣ «ሽፔትሌዘ»፣ «ግሮሰስ ጌቬክስ» የሚሉ ጽሑፎች አይቼ ግራ ገብቶኝ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

መልስ
ጸሐፊ፦ አስተናጋጁ ከማይንዝ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ በዚህ ጉዳይ ጀርመኖች ራሳቸው ይሳሳታሉና። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘና አውስሌዘ የሚባሉት ስሞች እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የወይን ሕግ የተደነገጉ ሲሆኑ የሚናገሩት ፍሬው ሲለቀም ጭማቂው ምን ያህል ስኳር እንደነበረው ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ስለቀረው ስኳር አይናገሩም። ሽፔትሌዘ ማለት ዘግይቶ የተለቀመ ማለት ነው፤ ያ ዘግይቶ የተለቀመ ፍሬ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ተለውጦ «ሽፔትሌዘ ትሮክን» ሊሆን ይችላል፤ ወይም መፍላቱ በመካከል ቆሞ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይንዎ የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ ይሁን፤ ትሮክን የሚለውን። ቃሉ ከሌለ የአልኮሉን ቁጥር ይመልከቱ፦ 8 ወይም 9 በመቶ የሚል ከሆነ ስኳሩ አልተለወጠም ማለት ነውና ጣፋጭ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ደረቅነቱ ያደላል። የጠጅ ነገር ነው፤ ማሩ ካልተበላ ኃይሉ ከየት ይመጣል?

ግሮሰስ ጌቬክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው ፋው ዴ ፔ የተባለ የወይን አምራቾች ማኅበር አባላቱ ምርጥ ናቸው ብሎ ከለያቸው ማሳዎች ለሚያወጡት ደረቅ ወይን የሰጠው ስም ነው። በጠርሙሱ አንገት ላይ የንስር ምልክት ያያሉ። እጅግ ጥሩ ወይን ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ገና ወጣት ሳለ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ይመስላል። ለዚህ ግብዣ አይግዙት። ከዚያው ማኅበር ጉትስቫይን ወይም ኦርትስቫይን የሚል ደረቅ ሪስሊንግ ሁለት ጠርሙስ ይበቃዎታል፤ የመጀመሪያው የአምራቹ የዘወትር ወይን ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ መንደር የተሰበሰበ ነው፤ ከሰዎቹ መንደር የሆነ ኦርትስቫይን ቢያገኙ ደግሞ ምንኛ መልካም ነበር። ሞዘሉንም አንድ ጠርሙስ ይጨምሩበት፤ ዶሮ ወጡ የሚቀርበው ለሁሉም ነውና።

ስለ ትሪው እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል። ሁሉን በአንድ ጊዜ አያቅርቡ፤ ጀርመኖች በየተራ መብላት ልማዳቸው ነው፤ የእኛም ሰው ለእንግዳ ሲል ይታገሣል። አስፓራገሱ በሲልቫነር ይጀመር፤ ያለ አሳማ ሥጋ ምንም አይጎድለውም፤ ከቀለጠ ቅቤ፣ ከድንችና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር የሚበላ ጀርመናዊ ብዙ ነው። ቀጥሎ እንጀራው ይዘርጋ፤ ዓሣው፣ አልጫው፣ ጎመኑና አይቡ በደረቁ ሪስሊንግ ይብሉ። ዶሮ ወጡ በመጨረሻ፣ ትሪው ከተነሣ በኋላ በሌላ እንጀራ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ሞዘሉን ይክፈቱ። ከደረቅ ወደ ለስላሳ መሄድ ቀላል ነው፤ ከጣፋጭ ተነሥቶ ወደ ደረቅ መመለስ ግን ምላስን ያጉላላል፤ ዶሮ ወጡንም ቀድሞ የበላ ሰው ዓሣውን አያጣጥመውም።

ወይኑን ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ያሳድሩትና ከመቅዳትዎ 15 ደቂቃ በፊት ያውጡት፤ 9 ወይም 10 ዲግሪ ሲሆን መዓዛው ይከፈታል፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣነቱ ብቻ ይሰማል፤ ምናልባት ለገና የከፈቱት እጅግ ቀዝቅዞም ነበር። ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ድረስ ብቻ ይቅዱ። «እስኪፈስ ካልተቀዳ ንፍገት ነው» የሚለው የጠጅ ቤት ወግ እዚህ አይሠራም፤ ወይኑ በብርጭቆው ውስጥ መዓዛውን የሚሰበስብበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ደግሞ ደጋግመው መቅዳት ለአስተናጋጅ ክብር ነው።

መልስ
ጸሐፊ፦ ባለ ምጣዷ ከሽቱትጋርት

ለዶሮ ወጡ አንድ ነገር ልጨምር። በርበሬውን አይቀንሱ፤ የተቀነሰ እንደሆነ የእጮኛው ወላጆች የልጃቸውን የተወደደ ምግብ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። ይልቁን አይቡን አያንሡት፤ ከወጡ አጠገብ ይቆይ። አይቡ እሳቱን ያበርዳል፤ ፋይንሄርቡ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። እንቁላሉን ለአባትየው ያውጡላቸው።

ሲጠጡም እንደ እኛ ወደ ብርጭቆው ወይም ወደ መሬት አይዩ፤ ጀርመኖች ብርጭቆ ሲያጋጩ ዓይን ለዓይን መተያየትን አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ ብርጭቆውንም በእግሩ ይይዙታል፤ እጅ ሆዱን ከያዘው ወይኑን ያሞቀዋልና።

የጠያቂዋ መልስ
ጸሐፊ፦ የእጮኛዋ እናት

ግብዣው ትናንት ዋለ፤ ወሬውን ሳላደርስ መቅረት አልወደድሁም። ቅደም ተከተሉን እንደነገራችሁኝ ጠበቅሁ። የእጮኛው እናት የዓሣ ጥብሱን በእንጀራ ከጎረሱ በኋላ ከደረቁ ሪስሊንግ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ከዚያ ባላቸውን ጠርተው «እንደገና ቅመስ፣ አሁን ከዚህ ጋር» አሏቸው፤ ሁለቱም ይህን ወይን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠጡ እንዲህ ያለ መዓዛ እንዳለው አላወቅንም አሉ። የሩሰልስሃይሙን መዝገብ ባነሣሁ ጊዜም አባትየው ስለ አያታቸው የወይን ማሳ ረጅም ታሪክ አወሩን፤ ልጄ እንኳ ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀውን።

በዶሮ ወጡ ላይ ሞዘሉ ከተፍ ሲል ባለቤቴ ቀምሶ «ይኸኛው መካከለኛ ነው» አለ፤ ለእንግዶቹም ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚባለውን የጠጅ ቤት ነገር በጀርመንኛ ሊያስረዳ ተነሣ። የእጮኛው አባት በመከር ወቅት መጥተን ማሳው ላይ እንድንለቅም ጋብዘውናል፤ እኔም ለዚያ ጊዜ ጠጅ ልጥል ቃል ገብቻለሁ። ደረቁን ነው የፈለጉት።